ሰባት ነን፣ ከሐዋሳ ሶፍ ኡመር ዋሻ ልንሄድ ነው፤ ምን እንያዝ? ደግሞ ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀውን ጓደኛችንን ምን እናድርግ?

የቅዳሜ እግረኛ (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ።

ሐዋሳ ያለን ሰባት ጓደኛሞች ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ በእግር እንጓዛለን። ታቦርን ስንት ጊዜ እንደወጣነው ቆጥረን አናውቅም። አላሙራንም ለምደነዋል። ዘንድሮ ግን ልባችን ዋሻ ላይ አረፈ። ባሌ፣ ሶፍ ኡመር። በጥር ለመሄድ ዕቁብ መሳይ ነገር ጀምረናል፤ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት መቶ ብር እናወጣለን።

እኔ የሦስተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። አንድ ቀን «ዋሻ» የሚለውን ቃል ሳስጽፍ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ማን ቆፈረው?» አለኝ። ዝም አልኩ። ማታ ቤቴ ስገባም ጥያቄው አልለቀቀኝም። የጉዞው ሐሳብ የመጣው ከዚያ ነው።

አሁን ጥያቄዎቼ። የስልክ መብራት ይበቃል ወይስ የእጅ ባትሪ እንግዛ? ገመድ ያስፈልጋል? ምን ዓይነት ጫማ?

አንድ የከበደኝ ነገርም አለ። ከመሀላችን አንዱ ልብስ ሰፊ ነው። ጠባብ ቦታ ያስጨንቀዋል። ሊፍት ውስጥ እንኳን አይገባም፤ ስድስተኛ ፎቅም ቢሆን በደረጃ ነው። ይህንን ራሱ ነው የነገረን። ከዚያ ወዲህ የተወሰንነው «እሱ ውጭ መኪናው ጋ ይጠብቀን» እያልን ነው። እሱ ግን አንድም ሳምንት ሳያጓድል አዋጥቷል። ነገሩ ሆዴን በላኝ። ዋሻ የገባችሁ ሰዎች ምን ትላላችሁ?

ሃይሩፍ

ስለ መንገዱ እኔ ልንገርሽ፤ ሹፌር ነኝ። ከሐዋሳ ሻሸመኔ፣ ከዚያ ኮፈሌ፣ ዶዶላ፣ አዳባ፣ ዲንሾ፣ ሮቤ። እዚያ እደሩ። በአንድ ቀን እንደርሳለን ብላችሁ አትድከሙ። በማግስቱ ማለዳ በጎሮ በኩል ትወርዳላችሁ፤ ከሮቤ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ጋቢ ያስፈልጋችኋል። ሶፍ ኡመር ስትደርሱ ደግሞ ቆላ ነው፣ ሹራባችሁን ታወልቃላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ሮቤ ያለ ሰው ጋ ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታና ሰላሙን ጠይቁ። ነዳጅ ሮቤ ሙሉ።

ባትሪ ሦስት (ሐዋሳ)

እህቴ፣ የመጨረሻውን ጥያቄሽን አስቀድሜ ልመልስ። ልብስ ሰፊውን ይዛችሁት ሂዱ። ውጭ አታስቀምጡት። ምክንያቱን እነግርሻለሁ፤ ትንሽ ይረዝማልና ታገሽኝ።

እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ዋሻ የምንወድ ጓደኛሞች ነበርን፣ አምስት። በ2004 ዓ.ም ሚያዝያ ላይ ሶፍ ኡመር ገባን። ለእኔ ሁለተኛዬ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ አንድ ደመና የለም። የአካባቢው ሰው መንገድ እየመራን ነው። ወንዙን ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ደጋግመሽ ትሻገሪያለሽ፤ ስንገባ ውሃው ከጉልበት አያልፍም ነበር።

ውስጥ ሆነን መሪያችን ጎንበስ ብሎ ውሃውን በመዳፉ አፈሰ። ቀለሙ ተለውጧል። ቅጠልና ጭራሮ ይዟል። «እንውጣ» አለ። አንዱ ጓደኛችን ፎቶ እያነሳ ነበርና «አሥር ደቂቃ» አለ። እኔም ዝም አልኩ። የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ውሃው መለወጡን ሰውየው ከመናገሩ በፊት አይቼ ነበር። ልቤ ፈርቷል። ሁለተኛ ጊዜዬ ስለሆነ ግን ፈራሁ ማለት አፈርኩ። አሥሩ ደቂቃ ግማሽ ሰዓት ሆነ። መሻገሪያው ጋ ስንመለስ ውሃው ደረት ይደርሳል፤ ድምፁም ተለውጧል። መሪያችን አንድ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ አወጣን። ሰባት ሰዓት እዚያ ተቀመጥን። ሁለቱ ባትሪዎች ሞቱ። የቀረውን በየአሥራ አምስት ደቂቃው እያበራን የውሃውን ልክ እናያለን። ድንጋዩ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገን ነበር። ውሃው ከምልክቱ ዝቅ ሲል ያለቀሰው ፎቶ አንሺው ነው።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ልብ በይ። በዋሻው ውስጥ የሚያልፈው የወይብ ወንዝ የሚነሳው ከባሌ ተራሮች ነው። ዋሻው በር ላይ ፀሐይ ሊሆን ይችላል፣ ላይ ተራራው ላይ ደግሞ ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረ ውሃ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ዲንሾ ስትደርሱ ቁሙና ሰው ጠይቁ፦ ትናንት ዘንቧል? ዛሬስ? ሮቤም ጠይቁ። ጥር የመረጣችሁት ጥሩ ነው፣ ደረቅ ወር ነው። የእኛ ሚያዝያ ግን በባሌ የበልግ ዝናብ ነው፤ ማወቅ ነበረብን። ታይላንድ ውስጥ በ2010 ዓ.ም ሰኔ ላይ አሥራ ሁለት ልጆችና አሠልጣኛቸው ዋሻ ውስጥ የቀሩትም በዝናብ ነው። በደረቅ እግራቸው ገቡ፣ ጎርፉ ከኋላቸው ዘጋባቸው። የተገኙት ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። ልጆቹ ሁሉ ወጡ፣ ሊረዳቸው የገባ ጠላቂ ግን ሕይወቱ አለፈ።

እንግዲህ ልብስ ሰፊው። ያ ሰው ፍርሃቱን በአደባባይ የሚናገር ሰው ነው። ያኔ ከእኛ ጋ እንደሱ ያለ አንድ ሰው ቢኖር ሰባት ሰዓት ድንጋይ ላይ ባልተቀመጥን። እኛ ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አለን። ማንም ሰው «እንውጣ» ካለ እንወጣለን። ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ድምፅ አይሰጥም። ከወጡ በኋላም አይነሳበትም። ይህን ሐዋሳ ሳላችሁ ተስማሙ፣ ዋሻ ውስጥ መስማማት አይቻልም። ደግሞም የሶፍ ኡመር ዋና መተላለፊያ ሊፍት አይደለም። ሰፊ ነው፣ ጣሪያው ሩቅ ነው። የአምዶች አዳራሽ የሚባለው ቦታ ላይ ስትቆሚ አንገትሽን ቀና ታደርጊያለሽ። የሚጠብቡ ቦታዎች አሉ፤ እነሱን መተው ትችላላችሁ። እሱን ከፊት ወይም ከመጨረሻ አታድርጉት። መሀል ይሁን፤ ፍጥነቱን እሱ ይወስን።

አሁን ስለ ዕቃ። ስሜ ላይ እንደምታዪው፣ ለአንድ ሰው ሦስት መብራት። የስልክ መብራት ከሦስቱ አይቆጠርም። አንዱ ግንባር ላይ የሚታሰር ይሁን፣ እጅሽ ነፃ መሆን አለበት፣ ድንጋይ ትይዢበታለሽ። ሁለቱ ተመሳሳይ የባትሪ ድንጋይ የሚወስዱ ቢሆኑ ትርፉን ትቀያይራላችሁ። አሮጌና አዲስ ድንጋይ አትቀላቅሉ፤ አሮጌው አዲሱን ይጎትተዋል። ትርፉን በፌስታል ጠቅልላችሁ አፉን እሰሩ።

አንድ ልምምድ ልስጥሽ። ማታ አንዳችሁ ቤት ተሰብሰቡ። መብራት አጥፉ፣ መጋረጃ ዝጉ። ከዚያ ሁላችሁም በጨለማ የባትሪ ድንጋይ ቀይሩ። ከሰባታችሁ አራቱ መሬት ላይ ይጥሉታል። ያንን ቤት ውስጥ ጨርሱት። እኔ ሥራዬ ስለሆነ ጨለማ አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር። መብራት የጠፋበት የሐዋሳ ሌሊት እንኳ ዓይን ይለምደዋል፤ የሰማይ ብርሃን አለ፣ ሐይቁ ያንፀባርቃል። ዋሻ ውስጥ ዓይን የሚለምደው ነገር የለም። አንድ ሰዓት ብትጠብቂም ያው ነው።

ሄልሜት ያስፈልጋል። ሕንፃ ሥራ ላይ የሚለበሰው፣ አገጭ ሥር ማሰሪያ ያለው ይበቃል። ጫማ፦ ከቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው። ይበሰብሳል፣ ስለዚህ ለመመለሻ ሌላ መኪና ውስጥ ተዉ። ጂንስ አትልበሱ፣ ሲበሰብስ ከባድ ነው፣ ቶሎ አይደርቅም። ገመዱ ለመውረድ አይደለም፤ መውረድ የሚጠይቅ ቦታ እናንተ አትገቡም። ለመሻገሪያ እጅ መያዣ ትሆናለች፣ ሃያ ሜትር። ፊሽካ ለእያንዳንዱ። ምግብ በሶና ዳቦ ቆሎ። ውሃ ለሰው ሁለት ሃይላንድ።

ደግሞ አንድ ሰው ውጭ ይወቅ። የስምንተኛ ሰው ጉዳይ ነው። ሐዋሳ ያለ ቤተሰብ ወይም ሮቤ ያለ ሰው፦ «ዘጠኝ ሰዓት እንወጣለን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ካልደወልን ለዚህ ሰው ደውል» ተብሎ ቁጥር ይሰጠው። የተባለው ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ደውሉለት፣ ሰውን በከንቱ አታስጨንቁ።

ለተማሪሽ ጥያቄ። ማንም አልቆፈረውም። ዝናብ ነው። የዝናብ ውሃ በአየሩና በአፈሩ ውስጥ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል፤ ደካማ አሲድ ይሆናል፣ እንደ አምቦ ውሃ ጋዝ። የኖራ ድንጋይ ውስጥ በስንጥቅ ይገባል፣ ቀስ እያለ ያሟሟዋል። ስንጥቁ ሲሰፋ ወንዙ ራሱ ይገባል፣ ያን ጊዜ ሥራው ይፈጥናል። ወይብ በአየው ማኮ በኩል ይገባል፣ በሆሉካ ይወጣል። በካርታ የተለካው የዋሻው ርዝመት 15.1 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአገራችን ረጅሙ። የእኛ ታቦርና አላሙራ ግን ከእሳተ ገሞራ የመጡ ናቸው፣ የኖራ ድንጋይ አይደሉም። እንዲህ ያለ ዋሻ ሐዋሳ ላይ ያጣነው ለዚህ ነው።

የሮቤ ልጅ

እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ከአሁኑ ልበላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሆልቃ (ዋሻ ማለት ነው) ሶፍ ኡመር ለእኛ የመዝናኛ ቦታ ብቻ አይደለም። ሼህ ሶፍ ኡመር የተጠለሉበትና የጸለዩበት ቦታ ነው። ሰው ከሩቅ ለዚያራ ይመጣል። ስትደርሱ መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን ሰላም በሉ። ወዴት መግባት እንደሚቻል ጠይቁ። ሰው ሲጸልይ ካገኛችሁ መብራታችሁን ወደ መሬት አድርጉ። ሴቶችም ወንዶችም ሸፈን ያለ ልብስ ይልበሱ። መሪ ሳትይዙ አትግቡ፤ ለመሪው የሚከፈለውን ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩና በደስታ ክፈሉ። ወንዙ በየክረምቱ አሸዋውን ይገለባብጠዋል፤ አምና የነበረ መሻገሪያ ዘንድሮ ላይኖር ይችላል። ያንን የሚያውቀው እዚያ የሚኖር ሰው ነው።

ግድግዳ ላይ ስም መጻፍ አለ። እባካችሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው አንድ ነጭ ግድግዳ አለ፣ አሁን ስም በስም ሆኗል። ሳየው እንባዬ ይመጣል።

ነርሷ ከአቶቴ

እህቴ፣ ስለ ሌሊት ወፍ ማንም ስላላነሳ ነው የምጽፈው። ላስፈራራሽ አይደለም፤ ማወቅ ግን አለባችሁ።

የሌሊት ወፍ ኩስ የተከመረበት ቦታ ላይ የሚያድግ የፈንገስ ዓይነት አለ። ደረቅ ኩስ ሲረገጥ አቧራው ይነሳና በትንፋሽ ይገባል። ሕመሙ ሂስቶፕላዝሞሲስ ይባላል። ምልክቱ ከ3 እስከ 17 ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል፦ ትኩሳት፣ ሳል፣ ድካም። ከሳንባ ነቀርሳ ጋር ይምታታል። ስለዚህ ከጉዞው በኋላ ያመመው ሰው ሐኪም ጋ ሲቀርብ «ዋሻ ገብቼ ነበር» ማለት አለበት። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ ድካም ታድናለች። በውሃው ዳር እርጥብ ስለሆነ አቧራ ያንሳል። ደረቅ ክምር ካያችሁ ግን ዙሩት። አፍና አፍንጫ በደንብ የሚገጥም ማስክ ያዙ።

ሌላው ማርበርግ ነው። ፍራፍሬ የሚበላ አንድ የሌሊት ወፍ ዝርያ፣ በዋሻ የሚያድር፣ ቫይረሱን ይሸከማል። ኬንያ ኤልጎን ተራራ ላይ ኪቱም የሚባል ዋሻ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 እና በ1987 ያን ዋሻ ከጎበኙ በኋላ ሁለት ሰዎች በዚህ በሽታ ሞተዋል። በእኛም አገር በኅዳር 2018 ዓ.ም ጂንካ ላይ ማርበርግ መከሰቱ ተነግሯል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የጤና ማስጠንቀቂያ መኖር አለመኖሩን አጣሩ፤ ካለ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አስተላልፉት። የሌሊት ወፍ አትንኩ፣ የሞተም ቢሆን። ያደሩበት ጣሪያ ሥር ቁጭ ብላችሁ አትብሉ። ጓንት ልበሱ። ማናችሁንም ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ የዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሊያስፈልግ ይችላል።

ስለ ልብስ ሰፊው ጓደኛችሁ፦ ሲጨነቅ «አይዞህ ምንም የለም» አትበሉት። ለእሱ አለ። ቁሙ፣ ቁጭ በሉ፣ ትንፋሹን ረዘም አድርጎ እንዲያወጣ ጠብቁት። ከኋላው ሰው እንዳይገፋው።

የታሪክ መምህር (አዳማ)

ዲንሾን ስታልፉ አንድ ነገር አስቡ። እዚያው ባሌ ተራሮች ላይ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ። አርኪዮሎጂስቶች ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት እዚያ ይኖሩ እንደነበር አግኝተዋል። በብርድ ከፍታ እሳት አንድደው፣ ትልቁን ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ ነበር። ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ባልጩትም እዚያው ተራራ ላይ ያገኙ ነበር። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው።

ይህን የማነሳው ለምን መሰላችሁ? ያ ሁሉ ታሪክ የተነበበው ከአመድ፣ ከአጥንትና ከአፈር ድርብርብ ነው። ጎብኚ ለምድጃ ብሎ አካፋ ቢያስገባበት ኖሮ አይነበብም ነበር። የትኛውም ዋሻ ውስጥ ስትገቡ ወለሉን አትቆፍሩ፣ እሳት አታንዱ፣ ድንጋይ ይዛችሁ አትውጡ። ከጣሪያ የተንጠለጠለውንም በእጅ አትንኩ፤ የእጅ ቅባት ሲነካው ውሃው እንደ ቀድሞው አይጋገርበትም።

የቅዳሜ እግረኛ (ሐዋሳ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሽ ባትሪ ሦስት፣ የጻፉትን ለሰባቱም ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ዝም አልኩ» ያሉበት ጋ ስደርስ ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ልብስ ሰፊያችን «እንግዲያው እመጣለሁ» አለ። ሕጉን ተስማምተናል። ጨለማውንም ተለማመድን፤ ከሰባታችን አምስታችን የባትሪ ድንጋይ ጣልን።

የቅዳሜ እግረኛ (ሐዋሳ)

ተመልሰናል። ቃል ስለገባሁ ልጻፍ።

ዲንሾ ላይ ጠየቅን፤ ለብዙ ቀን አልዘነበም አሉን። ሮቤ አደርን። ሶፍ ኡመር ስንደርስ አንድ አባት በር ላይ ተቀምጠው ነበር። መረቁን። መሪያችን ወደ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው፤ ከመግባታችን በፊት ውሃውን ለረጅም ጊዜ ቆሞ አየው። ጋሽ ባትሪ ሦስት፣ እርስዎን አስታወስኩ።

አምዶቹ ጋ ደረስን። እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ድንጋዩ ነጭ ነው፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ እንደተነጠፈ ነጠላ እጥፋት አለው። ልብስ ሰፊያችን ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም። «ይሄ ጥልፍ ነው» ብሎ ከአምዱ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ እጁን አንከራተተ፣ ሳይነካ። መሀል ነበር የሚሄደው። ፍጥነቱን እሱ ወሰነ፣ በዝግታ። በዝግታ ስለሄድን ነው ብዙ ያየነው።

ከዚያ ጣሪያው ዝቅ የሚል ቦታ መጣ። መሪያችን «ጥቂት ጎንበስ ብሎ ማለፍ ነው» አለ። ልብስ ሰፊያችን ቆመ። ጠበቅነው። ትንሽ ቆይቶ «እንውጣ» አለ። ወጣን። ሆሉካን አላየንም። ከመሀላችን አንዱ ቅር ብሎታል፤ በመኪና ስንመለስ እስከ ዶዶላ አልተናገረም። ሕጉን ግን አክብሯል፣ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዶዶላ ሻይ ስንጠጣ ለልብስ ሰፊው ስኳር ጨመረለት።

ሰኞ ተማሪዎቼን ዓይናችሁን ጨፍኑ አልኳቸው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ስንጥቁ ነገርኳቸው። ያ ልጅ እንደገና እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ አሁንም እየቆፈረ ነው?» አዎ አልኩት። «ማታም?» ማታም።

ጋሼ፣ የራስ ባትሪዎቹ ሰባቱም ደህና ናቸው፤ ሄልሜቶቹም። ከሐዋሳ የሚሄድ ቡድን ካለ እናውሳለን፣ እዚህ ይጻፍልኝ። የባትሪ ድንጋይ ግን ራሳችሁ ግዙ።